ለቤት አስተማሪ እናቶች ኮንፈረንስ ከእህቴ ጋር ልሄድ ነው፤ እሷ ግን የትምህርት ቤት መምህርት ናት

የሦስት እናት

ሰላም እናቶች። ልጆቼን ቤት ነው የማስተምረው። ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛዋ 6፣ ትንሹ ገና እርሳስ መብላት ላይ ነው ያለው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚያስተምሩ እናቶች በተዘጋጀ ኮንፈረንስ ላይ ተመዝግቤያለሁ። ጡት ከሚጠባ ሕፃን በስተቀር ልጅ አይገባም። ልጆቹን አባታቸው ይይዛል።

ጥያቄዬ ስለ ታናሽ እህቴ ነው። "እኔም እመጣለሁ" አለች። እሷ ልጅ የላትም፤ ሥራዋ ሦስተኛ ክፍል ማስተማር ነው። እኔ ቤት ማስተማር ስጀምር "እስኪ እናያለን" ብላ ዝም ያለች ሰው ናት። አልተቃወመችም፣ አልደገፈችም። ለምን መምጣት እንደፈለገች ብጠይቃት "የምትሰሚውን ልስማ" አለችኝ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ይህን ለአንዲት ቤት የምታስተምር ጓደኛዬ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። "መምህርት ይዘሽ? ሙሉ ቀን ስትፈትንሽ ልትውል እኮ ነው!" አለች። እህቴን እወዳታለሁ፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ከእህት ጋር የሄዳችሁ እስኪ ንገሩኝ። አንድ ላይ ነው የምትቀመጡት ወይስ ትከፋፈላላችሁ? የመጻሕፍት አዳራሹስ እንዴት ነው? እኔ መጽሐፍ ሳይ እጄ አያርፍም፤ እሱም አሳስቦኛል።

ማታ ማታ አንባቢ

ይዘሻት ሂጂ። ምንም ባይሆን ሻንጣ የምትጠብቅልሽ ሰው አገኘሽ ማለት ነው።

የመንትዮች እናት

እኔ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው የምሄደው። ሁለታችንም ቤት እናስተምራለን፤ በዘዴ ግን ሰማይና ምድር ነን። ስለዚህ ልምዴን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ፣ አብራችሁ አትቀመጡ። በአንድ ሰዓት ጎን ለጎን ብዙ ክፍለ ጊዜ ነው የሚካሄደው። አንዱ ክፍል ሒሳብ ነው፤ አንዱ ንባብ። ሌላው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትራንስክሪፕት (የትምህርት ውጤት ማስረጃ) እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስረዳል። አንዱ ደግሞ "እናት ሲደክማት" ምናምን የሚል ነው፤ ሁሌም ጢም ብሎ ይሞላል፣ ቀድመሽ ግቢ። ዋናው ንግግር ላይ አብራችሁ ሁኑ፤ ሌላውን ተከፋፈሉት።

ሁለተኛውን ነው የምወደው። ማታ ክፍላችሁ ስትገቡ ደብተር ሳትገልጡ ተራ በተራ የሰማችሁትን ተነጋገሩ። ቻርሎት ሜሰን ማን እንደሆነች ካላወቅሽ እዚያ ስሟን እስኪሰለችሽ ትሰሚዋለሽ። እንግሊዛዊት አስተማሪ ነበረች (እ.ኤ.አ. 1842–1923)። ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበብለታል፤ ከዚያ በራሱ ቃል መልሶ ይተርካል። ትምህርቱም አጭር ነው፤ ለትንንሾቹ 15፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ። እኛ ይህን ለልጆቻችን እናዛለን፤ ራሳችን ግን ደብተር ሙሉ ማስታወሻ ይዘን እንመለስና መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ቃላት በቃሉ እየያዘ ራሱን ፈትኖ ውጤቱን በ1885 አሳተመ። ብዙው የሚረሳው እዚያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ "ቤት ስገባ አነበዋለሁ" አይሠራም። የዚያኑ ዕለት ማታ ነው።

ደግሞ እህት ስትሰማሽ ሌላ ነው። የዘለልሽው ቦታ ይገባታል። "ስለ ሒሳቡ ለምን ዝም አልሽ?" ትልሻለች።

ወረቀት በወረቀት

እኔ አልስማማም። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እህት ለሁሉም አትሆንም።

የኔና የእህቴ ልጆች እኩዮች ናቸው። ተናጋሪዋ መድረክ ላይ ወጥታ "ልጄ በ4 ዓመቷ ማንበብ ጀመረች" ስትል እኔና እህቴ ዞረን ተያየን። ከዚያ ወዲያ ስለ ትምህርት የተወራ ነገር የለም። የኔ ልጅ፣ የሷ ልጅ ሆነ። ማታ እኔ መተኛት እፈልጋለሁ፣ እሷ መብራት አብርታ የልጇን ድርሰት ከስልኳ ታነብልኛለች። ተኮራረፍን። ኩርፊያችን እኛ ሳንመለስ እናታችን ጆሮ ደርሶ ጠበቀን!

አሁን ከጎረቤቴ ጋር ነው የምሄደው። ብንጣላም ጣጣው አጭር ነው።

የመንትዮች እናት

@ወረቀት በወረቀት፣ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ግን ያንቺ ችግር ልጆቻችሁ እኩዮች መሆናቸው ነው። እኛ ከበር ሳንወጣ የምንስማማበት ደንብ አለን፦ የሌላዋን ልጅ ምሳሌ አድርጎ መጥቀስ የለም። የጠያቂያችን እህት ደግሞ ልጅ ስለሌላት ከዚህ ነፃ ናት።

እርሳስ ቀራጭ

እኔ ያቺ ታናሽ እህት ነኝ ማለት ይቻላል። መምህርት ነኝ፤ ቤት የምታስተምረው ታላቄ ናት። አብሬያት እሄዳለሁ። ስለዚህ ከዚያኛው ወገን ልናገር።

መጀመሪያ ጓደኛሽ ስላለችው ነገር። መምህር አይምጣ ከተባለ ኮንፈረንሱ ላይ ስማቸው የሚጠራው ሰዎች ራሳቸው ሊወጡ ነው። ቻርሎት ሜሰን መምህርት ነበረች፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። ልጆች ያለ ትምህርት ቤት ይማሩ እያለ የተሟገተው አሜሪካዊው ጆን ሆልትም (እ.ኤ.አ. 1923–1985) ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስተማረ ሰው ነው። በ1977 ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች መጽሔት ማሳተም ጀመረ። እሱም ልጅ አልነበረውም። እንግዲህ ከመምህር ተሸሽቶ የት ይኬዳል?

አሁን ወደ መጻሕፍት አዳራሹ። እህትሽ የምትጠቅምሽ እዚያ ነው።

ሻጮቹ የሚያሳዩሽ የመጀመሪያውን ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ደግሞ ሁሌም ያምራል። እሱን ተይና መሀሉን ግለጪ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው። መጀመሪያ ላይ የተማረው ነገር እዚያ ተመልሶ ይመጣል ወይስ አንዴ ታይቶ ቀረ? ሒሳብ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀጥሎ የመምህሩን መመሪያ አንድ ገጽ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው። አዎ፣ እዚያው ቆመሽ። አፍሽ ላይ ካስቸገረሽ ዓመቱን ሙሉ ያስቸግርሻል። "ተማሪዎቹ በቡድን ይወያዩ" የሚል ካየሽ ለክፍል የተሠራ ነው፤ ቤት ውስጥ ቡድኑን ከየት ታመጪዋለሽ? ልጁ የሚጽፍበት ደብተር ለታናሾቹ ይተርፋል ወይስ ለየልጁ አዲስ ይገዛል? እሱንም ጠይቂ፤ የሦስት እናት ነሽ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ የደረጃ መለያ ፈተና ካለው ሳትፈትኚው አትግዢ። ብዙ የሒሳብ አዘጋጆች በነፃ ነው የሚሰጡት። ሽፋኑ ላይ "ክፍል 4" ስላለ ያንቺ የ9 ዓመት ልጅ ይገባዋል ማለት አይደለም። ሊቀለውም ሊከብደውም ይችላል።

እህትሽ "በቀን ይቺን ብቻ ነው የምታስተምሪው?" ካለች ደግሞ አትደንግጪ። ክፍል ውስጥ ሰዓቱን የሚበላው ትምህርቱ ብቻ አይደለም። ማሰለፍ አለ፣ ዝም ማሰኘት አለ፣ ደብተር መሰብሰብ አለ። አንድ ልጅ አጠገብሽ ሲቀመጥ ያ ሁሉ የለም። እሷም ልቧ ያውቀዋል።

አጎት ነኝ

እናቶች፣ ጣልቃ በመግባቴ ይቅርታ። ወንድምስ? እህቴ ብቻዋን መሄድ ከብዷት "አብረኸኝ ና" ትለኛለች። ግን "ለእናቶች" ይላል።

ማታ ማታ አንባቢ

ወንድሜ፣ ለመላው ቤተሰብ የሚዘጋጅ ኮንፈረንስም አለ፤ እዚያ ማንም ይገባል። "ለእናቶች" የሚለው ላይ ግን የሚያጠቡ እናቶች አሉ፣ ያለ ሐሳብ የሚያለቅሱም አሉ። አዘጋጆቹን ሳትጠይቁ እንዳትነሱ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ልጆቹን መያዝህ ነው። እህትህ እድሜ ልኳን ትመርቅሃለች።

አጎት ነኝ

አራት ናቸው እኮ።

ማታ ማታ አንባቢ

በርታ!

አዲስ ገቢ

እኔ ገና አልጀመርኩም። የፕሮግራሙ ዝርዝር ላይ ስለ ሕግ የሚያወራ ክፍለ ጊዜ አይቻለሁ። የምኖረው ኮንፈረንሱ ካለበት አገር ውጭ ነው፤ የምከታተለው በኢንተርኔት ነው። ይጠቅመኛል?

የመንትዮች እናት

ለጠቅላላ እውቀት ካልሆነ አይጠቅምሽም፤ እንዲያውም ሊያሳስትሽ ይችላል። ሕጉ ከአገር አገር ለየቅል ነው። ጀርመን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ጉዳዩን እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2006 አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም። ፈረንሳይ ቀድሞ ማሳወቅ ይበቃ ነበር፤ ከ2022 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ግን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። የእንግሊዝ የ1996 የትምህርት ሕግ ልጁ "በትምህርት ቤት ወይም በሌላ መንገድ" እንዲማር ይላል፤ የቤት አስተማሪዎች የቆሙት "በሌላ መንገድ" የምትለዋ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1993 ጀምሮ በ50ውም ግዛቶች ሕጋዊ ሆኗል፤ ሆኖም አንዱ ግዛት ማሳወቅ እንኳ አይጠይቅም፣ ሌላው የልጁን ሥራ በፋይል አስቀምጠሽ እንድታስገመግሚ ያደርጋል።

ያንቺን አገር የትምህርት ቢሮ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። ለሕጉ ያሰብሽውን ሰዓት ለንባብ ስጪው።

የመድረኩ አስተናጋጅ

ስለ ሕግ የሚቀጥል ካለ አዲስ ክር ይክፈት። እዚህ ስለ ኮንፈረንሱና ስለ እህት እናውራ።

የሦስት እናት

ተመለስኩ! እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ዋናው ንግግር ላይ አብረን ተቀመጥን። ተናጋሪዋ ደግ ሴት ናት፤ ንግግሯም ያምራል። ትልቁ ስክሪን ላይ የቤቷን ፎቶ ታሳያለች። ጠረጴዛው ያበራል፣ ልጆቹ ተደርድረው ያነባሉ፣ እሷ ሕፃን ታቅፋ አጠገባቸው ቆማለች። አዳራሹ "ውይ!" አለ። እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ፎቶውን ያነሳው ማን ነው?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ንግግሩን በደንብ ሰምቻለሁ ብል ውሸት ነው። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሴቶች ዞረው አዩን።

ከዚያ ተከፋፈልን። እኔ ሒሳብ ገባሁ። እሷ ሳልነግራት ስለ ንባብ ችግር የሚያወራውን መረጠች። ለምን እንደመረጠችው ማታ ገባኝ፤ እመጣበታለሁ።

የመጻሕፍት አዳራሹ ጉድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማየት ብቻ፣ መግዛት በማግስቱ ብለን ተስማምተን ነበር። ብሩንም እሷ ያዘችው። እኔ አንድ ጠረጴዛ ጋ ስደርስ ቀረሁ። ሙሉ የዓመት ፕሮግራም ነው፤ ቋንቋው፣ ታሪኩ፣ ሙዚቃው ሁሉ በሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት ተሸንሽኖ ተቀምጧል። ሣጥኑ ራሱ ያምራል። አቅፌዋለሁ በቃ። እህቴ መጣችና "ይሄ ለማን ነው?" አለች።

"ለልጆቹ" አልኳት።

"ልጆቹማ የሰጠሻቸውን ይማራሉ። ይህን የሚከተለው አስተማሪው ነው። አንቺ እኮ የጥናት ፕሮግራም በአምስት ቀለም ሠርተሽ ግድግዳ ላይ ትለጥፊና ማክሰኞ ላይ ታቆሚ ነበር።"

ሻጯ ከኔ በፊት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሣጥኑን መለስኩት። እርሳስ ቀራጭ የነገረችኝን ሁሉ ሠርቻለሁ፣ መሀሉን ገልጫለሁ፣ ጮክ ብዬ አንብቤያለሁ፤ መጽሐፉ ምንም አልወጣለትም። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ለሌላ ሴት የተሠራ ጥሩ መጽሐፍ ነው። ይህን ሊነግረኝ የሚችል ተናጋሪ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም፤ ያንን ግድግዳ ያየችው እሷ ብቻ ናት። በማግስቱ የገዛሁት አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ነው። ተከፍቶ ወዲያው የሚጀመር ዓይነት፣ ዝግጅት የማይፈልግ። እሱንም ልጁን በስልክ የደረጃ ፈተናውን አስፈትኜው ነው። አባትየው ጥያቄዎቹን እያነበበለት፣ ከኋላ ትንሹ እየጮኸ።

አሁን ወደ ማታው። የመንትዮች እናት እንዳለችው ደብተር ሳንገልጥ ጀመርን። እኔ ስለ ሒሳቡ አወራሁ። ተራው የሷ ሲሆን ስለ ክፍለ ጊዜው ጥቂት ተናገረችና ቆመች። ከዚያ "ልጅሽ ሲያነብ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

ትልቁን ልጄን ነው። እኛ ቤት ስትመጣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያነብላታል። የቃሉን መጀመሪያ ያያል፣ ወደ ሥዕሉ ይሮጣል፣ ከዚያ ይገምታል። ግምቱ ጎበዝ ስለሆነ ያነበበ ይመስላል። ሥዕሉን በእጇ ስትሸፍንበት ግን ተንተባተበ። ይህን ካየች ቆይታለች።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትምህርት ቤት አስገቢው ያልኩሽ ነው የሚመስልሽ።"

እውነቷን ነው፣ ይመስለኝ ነበር። ትንሽ ዝም ተባባልን። ጨስኩ፣ አልዋሽም። ግን ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዓይነት ልጆች ያሏቸው እናቶች መሀል ተቀምጣ ውላ ነው የመጣችው። የያዘችው ፍርድ ሳይሆን የሚሠራ ነገር ነው። መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን ማስመርመር። ሥዕል በሌለበት ወረቀት ላይ የተጻፉ ቃላት ማስነበብ። ትርጉም የሌላቸው ቃላትም ቀላቅሎ፣ ምክንያቱም የሌለ ቃል አይገመትም፤ ድምፅ በድምፅ መነበብ አለበት። ያ ሁሉ ተደርጎ ካልተቃና ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር እንዳለበትና እንደሌለበት ባለሙያ ይየው። "ክፍሌ ውስጥም አሉ። እነሱ ጋ አንድ በአንድ የምቀመጥበት ሰዓት የለኝም፤ አንቺ ግን አለሽ" አለችኝ። ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ ከሷ አፍ የወጣ ድጋፍ እሱ ነው። እሱንም በጎን ነው የሰጠችኝ።

እሷም ባዶ እጇን አልተመለሰችም። ልጆቹ መልሰው እንዲተርኩ ማድረጉን ክፍሏ ውስጥ ልትሞክረው ነው። 40 ልጅ ተራ በተራ አይተርክም፣ ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ታደርጋቸዋለች። ጩኸቱን አልቀናባትም።

ለጓደኛዬ ምን እንደምላት ገና አላሰብኩም።

ማታ ማታ አንባቢ

"ፎቶውን ያነሳው ማን ነው?" ገደለኝ! ከዛሬ ጀምሮ የማየው ፎቶ ላይ ሁሉ ልጠይቅ ነው።

እርሳስ ቀራጭ

ጎበዝ እህት። ስለ ንባቡ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቃላቱን ስታስነብቢው አጭር አድርጊው፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ግን በየቀኑ። የሚወደውን ታሪክ ማንበብሽን ግን አታቁሚ። እሱ ማንበብ ስለከበደው ታሪኩም ሊቀርበት አይገባም። አንቺ አንብቢለት፤ በጆሮው የሚገባው በዓይኑ ከሚያነበው በላይ ነው።

ወረቀት በወረቀት

እሺ፣ ያንቺ እህት ትለያለች። የኔዋ ብትሆን ሥዕሉን ሸፍና ቪዲዮ ቀርጻ ለቤተሰብ ግሩፕ ትልከው ነበር።

ቆይ ግን፣ ያልገባችሁባቸውን ክፍለ ጊዜዎች የድምፅ ቅጂ ገዛችሁ? እኔ ሁሌ ሙሉውን እገዛና አንዱንም አልሰማም።

የሦስት እናት

ሙሉውን አልገዛንም። በነጠላ ይሸጣሉ፤ አንድ ብቻ ወሰድን፣ እሷ የገባችበትን የንባቡን። እሷ ነግራኝ ስታበቃ ለአባቱ እንዲሆን። መኪና ውስጥ እየሰማው ነው፤ ግማሹ ላይ ደርሷል።